ዕድር ከቀብር ውጭ ለሰፈሩ ደኅንነት መሥራት በሕግ ይችላል?

ጠያቂ (የካ አባዶ)፦
የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ክረምት ከብሎካችን ጀርባ ያለው የጎርፍ መውረጃ ተደፍኖ፣ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው ውሃውን በመጥረጊያ ሲመልሱ አየሁ። ነጠላቸው እስከ ወገባቸው ርሶ ነበር። ድንኳኑም ወንበሩም ተሟልቶልናል፤ ገንዘብም አለን። መውረጃውን እናስጠርግ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ጠያቂ እንመድብ ብል፣ «ዕድር ለቀብር ነው፤ ሥልጣን የለንም» ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ 1፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ መተዳደሪያ ደንባችሁን አንብቢ። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማኅበር የሚለው ከትርፍ ሌላ ለሆነ ዓላማ የተሰባሰቡ ሰዎችን ነው፤ ቀብር ብቻ አላለም። የአረጋውያኑ ጉዳይ በደንባችሁ ከሌለ በጠቅላላ ጉባኤ አሻሽሉትና ቃለ ጉባኤ ያዙ። መውረጃው ግን የሕዝብ ንብረት ስለሆነ፣ ቁፋሮ ከመጀመራችሁ በፊት የወረዳውን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ።

መልስ 2፦
እንግሊዝ አገር ስኖር ይህንኑ ክርክር ሰምቻለሁ። እዚያ ፓሪሽ ካውንስል የሚባል የአጥቢያ ምክር ቤት አለ፤ ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን ነው። ሕግ ለይቶ ከፈቀደለት ሥራ እምብዛም አይወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ ግን መስፈርቱን ላሟላ ምክር ቤት፣ በሕግ ካልተከለከለ በቀር ግለሰብ የሚችለውን ሁሉ እንዲሠራ ፈቀደለት። ከመስፈርቶቹ አንዱ የሠለጠነ ጸሐፊ መኖሩ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ እርሱ ከግብር ይካፈላል፣ ዕድር በመዋጮ ይኖራል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደንባችንን አሁን አወጣሁት፤ አንቀጽ ሁለት «በሐዘንና በችግር ጊዜ መረዳዳት» ይላል። እሑድ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።