የስፖርት ጡት ማስያዣ በኮምፒውተር ዲዛይን ያደረገ አለ?

ሰፊዋ_ለገጣፎ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ለገጣፎ ትንሽ ስፌት ቤት አለችኝ፣ ብዙ ደንበኞቼ ጠዋት ጠዋት በሰንዳፋ መንገድ የሚሮጡ ልጆች ናቸው። ሁሌ የሚያማርሩት የስፖርት ጡት ማስያዣ ነው፣ ጥሩው ዋጋው አይቀመስም፣ ሰልባጁ ደግሞ ላስቲኩ የረገበ ነው። አንዷ ሁለት ደርባ እየሮጠች ብብቷ ስር ተልጦ አይቼ አንጀቴን በላችው። ጠበቅ አድርጌ ስሰፋ መተንፈስ አቃተን ይላሉ፣ ሳላላው ይዘላል። ውጪ በኮምፒውተር እያሰሉ ነው የሚሰሩት ሲባል ሰማሁ፣ ላፕቶፕ አለኝ፣ ከየት ልጀምር?

ሜካኒካል_ቡራዩ፦
እህቴ በጣም ይቻላል። ጡት ውስጥ ጡንቻ የለም፣ የሚይዘው ቆዳውና ውስጡ ያሉት ስስ ጅማቶች ናቸው፣ ሲሮጥ ደግሞ ወደላይ ወደታች ብቻ ሳይሆን ወደጎንም ወደፊትም ይሄዳል። እንግሊዝ ፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲ ይሄንኑ ለዓመታት ሲያጠና የኖረ ቡድን አለ። ኮምፒውተሩ ጡቱንም ጨርቁንም በሺዎች ትንንሽ ቁራጭ ይከፋፍልና እያንዳንዱ ስንት እንደሚለጠጥ ያሰላል፣ ፋይናይት ኤለመንት ይሉታል፣ ኤፍኢባዮ የሚባለው የዩታህ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ከባዱ ነገር ግን ቆማ የለካሻት ልጅ ጡቷ በስበት ወደታች የተሳበ ነው፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ሳይሳብ በፊት የነበረውን ቅርፅ ነው የሚፈልገው፣ ለዚህ ብለው ሴቶችን ውሃ ውስጥ አስገብተው የለኩ ተመራማሪዎች አሉ። ስለዚህ ሲሙሌሽኑ (በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላቱ) ይቆይሽና መጀመሪያ ጨርቅሽን በቁጥር እወቂው። ከላይክራው 5 ሴንቲ ወርድ 20 ሴንቲ ርዝመት ቁረጪ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር አንጠልጥይበት፣ ስንት እንደረዘመ ፃፊ። በቁመቱም በወርዱም፣ ከታጠበ በኋላም ድገሚው። ኮምፒውተር ላይ ብትገቢም መጀመሪያ የምትጠየቂው ይሄንን ነው።

ሯጯ_ሱሉልታ፦
ማሬ እግዜር ይስጥሽ ስላሰብሽልን። ማንገቻው ላይ ብቻ አትልፊ፣ ሸክሙን የሚይዘው ከጡት ስር ዙሪያውን ያለው ላስቲክ ነው፣ እሱ ሲረግብ ነው ማንገቻው ትከሻ የሚበላው። ጡቷ ተለቅ ያለ ልጅ ደግሞ ደረቷን ጨፍልቀሽ ብታስሪያት አይሆንም፣ ሁለቱን ለየብቻ የሚይዝ ካፕ ስሪላት። እንቅስቃሴውን ለማየት ስልክ በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርፅ ስሎው ሞሽን ይበቃል። አንድ ምልክት አንገት ስር አጥንቱ ላይ፣ አንድ ጡት ማስያዣው ላይ የጡቷ ጫፍ ባለበት ለጥፊና ኪኖቪያ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ተከታተያቸው፣ ሰውነቷ ራሱ ስለሚነሳና ስለሚወድቅ የሁለቱን ልዩነት ነው የምትወስጂው። ግን አደራሽን ከአንገት በታች ብቻ ቅረጪ፣ ራስሽ ቅረጪ፣ ለክተሽ ስትጨርሺ እሷ እያየች አጥፊው። ልጆቹ እኮ ያፍራሉ፣ አንዴ ቪዲዮ ወጣ ከተባለ ማንም አትመጣልሽም።

ሰፊዋ_ለገጣፎ፦
ተባረኩ እሺ ቪዲዮውን ከባለሁለት ደራቢዋ ልጅ ጋር እጀምራለሁ ፈቃደኛ ከሆነች። ፓተርኑንስ በምን ልሳለው? በካርቶን ነው የምቆርጠው። እና ከስር የማደርገው ላስቲክ ባለ 2 ሴንቲ ነው፣ ይበቃል?

ሜካኒካል_ቡራዩ፦
ቫለንቲና የሚባል ነፃ የፓተርን መሳያ ሶፍትዌር አለ፣ ልኬቱን ስትቀይሪ ፓተርኑ አብሮ ይቀየራል፣ ለየሰዉ ለምትሰፊ ይሄ ከሲሙሌሽኑ በላይ ይጠቅምሻል። ካርቶንሽን ግን አትጣይ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቨርሞንት የመጀመሪያውን የስፖርት ጡት ማስያዣ የሰሩት ሴቶች የወንድ ስፖርተኛ የብልት መደገፊያ ሁለቱን ገጣጥመው ሰፍተው ነው ሮጠው የሞከሩት።

ሯጯ_ሱሉልታ፦
2 ሴንቲ ለትልቅ ጡት ይጠቀለላል ውዴ፣ 4 አድርጊው። ስትለካው በደንብ ይያዛት ግን ሁለት ጣት ያስገባ፣ በረጅሙ ተንፍሳም ሞክሪያት።