ብላንሽ ዋይትን ልጨርሳት ወይስ ልተዋት?

ማታ አንባቢ፦
የባርባራ ኒሊን «ብላንሽ ኦን ዘ ላም» ይዤ ግማሹ ላይ ቆሜያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣች የወንጀል ልቦለድ ናት። ብላንሽ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በነጮች ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ጥቁር ሴት ናት። ደረቅ ቼክ ጽፈሻል ተብላ 30 ቀን ይፈረድባታል። ግርግር ሲፈጠር ከፍርድ ቤቱ ሹልክ ትልና የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሠራተኛ ሆና ትደበቃለች። ከዚያ ሰው መሞት ይጀምራል።

ግን ምርመራው የታለ? አሻራ የለ፣ ምስክር ማፋጠጥ የለ። ሴትዮዋ አልጋ ታነጥፋለች፣ ሳህን ታጥባለች። ራሷም ከፖሊስ የምትሸሽ ናት። ወደፊት ይለወጣል ወይስ እስከ መጨረሻው ሳህን ነው?

ሰባት ቤት፦
ሳህኑ እኮ ነው ምርመራው፣ ወንድሜ።

እኔ አሜሪካ እንደመጣሁ አራት ዓመት የሰው ቤት አጽድቻለሁ። በሳምንት ሰባት ቤት። አንደኛው ቤት ባልና ሚስቱ ሁሌም እየሳቁ ነበር በር የሚከፍቱልኝ። የእንግዳ ክፍሉ አልጋ ግን እንግዳ ሳይመጣ አንሶላው ተጨማዶ አገኘዋለሁ። ከሁለቱ ትራስ የተኛበት አንዱ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የባልየው መነጽር ኮሞዲኖው ላይ ተቀመጠ። ሊፋቱ መሆኑን ለልጆቻቸው የነገሩት ክረምት ላይ ነው። እኔ ከፋሲካ በፊት አውቄዋለሁ። ደግሞ ከፊቴ ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸውን እንኳ አይቀንሱም። ከፍሪጁ ለይተው አያዩህም።

የብላንሽም መሣሪያ ይኸው ነው። ማን ሳይበላ ትሪውን እንደመለሰ፣ የትኛው በር እንደሚቆለፍ፣ ማን ከማን ጋር ሲያወራ ድምፁ እንደሚለወጥ። ሸሪፉ፣ የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ሲመጣ ሳሎን ነው የሚያየው፤ ጓዳውን ማን ያሳየዋል?

ስሟንም ልብ በል። ብላንሽ በፈረንሳይኛ ነጭ ማለት ነው፣ ዋይትም ያው ነጭ። ጥቁሯን ሴት «ነጭ ነጭ» ብሎ መጥራት! እኔ እዚህ ጋ ነው ብቻዬን የሳቅሁት።

መዝገብ ቤት፦
ቼኩ ላይ ልጨምር። ስንቅ የሌለው ቼክ የጻፈችው አሠሪዎቿ ሳይከፍሏት ከከተማ ስለወጡ ነው። ያልከፈሉት ሰዎች ማንም አልጠየቃቸውም፤ የተከሰሰችው እሷ ናት። ነገሩ ሥር አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ስታወጣ የቤት ሠራተኞችን ውጭ ትታቸዋለች። የገቡት በ1974 ነው። ስለዚህ ብላንሽ ፖሊስ ዘንድ ሄዳ ያየችውን ብትናገር ማን ያምናታል? ራሷ ገዳዩን ካላገኘች ወንጀሉ እሷ ላይ ነው የሚለጠፈው።

ማታ አንባቢ፦
ቼኩን ዝም ብዬ አልፌው ነበር። ተመልሼ አነበብኩት።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማምስፊልድ የሚባለውን ዳውን ሲንድረም ያለበትን ወጣት ስትወደው ለምን በራሷ ትናደዳለች? ከዚያ ቤት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሰባት ቤት፦
እሱን መውደዷን እንደ በሽታ ስለምታየው ነው። ስምም አውጥታለታለች፤ ገና ካልደረስክበት ትደርስበታለህ። አሠሪዬ ይወደኛል ብሎ ማመን ነው በሽታው።

እኔም ታምሜያለሁ። አንዲት አሮጊት «እንደ ልጄ ነሽ» ይሉኝ ነበር። ልደታቸውን አውቃለሁ፣ የመድኃኒታቸውን ሰዓት አውቃለሁ፣ ቅዳሜ በነፃ ፀጉራቸውን እሠራለሁ። ከዚያ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሄዱ። የሁለት ሳምንት ሒሳቤ ቀረ። ረስተውት ይሆናል ብዬ ስደውል ልጅቷ አነሳች። ስሜን ነገርኳት። ዝም አለችና «ማን ልበል?» አለችኝ።

ሒሳቡን ተውኩት። እሳቸውን ግን ሁለት ወር ናፈቅኋቸው፣ ጉድ እኮ ነው።

በል ጨርሳት። ገዳዩን ከገመትክ ግን እዚህ እንዳትጽፍ፣ ያላነበበ አለ።