አርተር የሚባለው የልጆች ካርቱን ላይ አስተማሪው ሲያገባ እማዬ አጠገቤ ነበረች፣ እናንተ ቤት እንዲህ ሲመጣ ምን ይባላል?

የቡና ሱስ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቡና እያፈላሁ ልጄ (7 ዓመቷ ነው) አርተር ከፍታ ታያለች፣ እማዬም ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ስለሆነች አብራት ቁጭ ብላለች፣ እንግሊዝኛው ባይገባትም ጥንቸሉን ትወደዋለች። አስተማሪው አቶ ራትበርን የሚያገባበት ክፍል ነበር። ተማሪዎቹ ሙሽራዋ ያቺ ኮስታራ ሴትዮ ናት ብለው ሲጨነቁ ቆይተው እህቱ ሆና ተገኘች፣ እማዬ ደግሞ ሰርግ ሲባል አይሆንላትም ጠጋ አለች። ከዛ ራትበርን ከአንድ ወንድ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ ብቅ። «ሙሽሪትስ?» አለችኝ። እኔ ጀበናውን እንደያዝኩ ድርቅ! ልጄ ናት በዛ በተሰባበረ አማርኛዋ «እማማዬ ሁለቱም ሙሽራ ናቸው» ያለቻት። እማዬ አማተበች፣ ከዛ ቲቪውን ትታ እኔን ማየት ጀመረች። አቦል አልቆ ቶና እስኪደርስ ማንም ትንፍሽ አላለም።
ልክ ነው አይደለም የሚለውን ከጀመርነው አንጨርሰውም፣ እሱን ተዉት። ታጠፋላችሁ? ታስረዳላችሁ? ወይስ እንደኔ ጀበና ይዛችሁ ትቆማላችሁ?

የዳላሱ አባወራ
እኔ በግልፅ አጠፋዋለሁ። ጥላቻ አይደለም፣ ስራ ቦታ ጌይ የሆነ ልጅ አለ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ግን ለልጄ ምኑን መቼ እንደምነግራት የምወስነው እኔ እንጂ ካርቱን አይደለም። ይሄው ክፍል በፈረንጅ 2019 ሲወጣ የአላባማ የህዝብ ቲቪም አላሳይም ብሎ በቦታው የድሮ ክፍል ደግሟል፣ ወላጅ ፒቢኤስ (የአሜሪካ የህዝብ ቲቪ) ነው ብሎ አምኖ ልጁን ብቻውን ትቶ እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ነው። እኔም አምኜ የምተው ነበርኩ በቃ።

ሪሞቱ የኔ ነው
ወንድሜ፣ ነገሩ ያኔ በአላባማ አልተጀመረም። በ2005 ጥንቸሉ ቡስተር የራሱ ፕሮግራም ነበረው፣ ቬርሞንት ሄዶ የዛፍ ሽሮፕ ሲሰራ ሲያይ የገባው ሁለት እናት ያላቸው ልጆች ቤት ነው። ስለ ሴቶቹ ፍቅር የሚወራ ነገር የለም፣ ወሬው ሽሮፕና አይብ ነው። ግን የትምህርት ሚኒስትሯ ማርጋሬት ስፔሊንግስ የተቃውሞ ደብዳቤ ፃፈች፣ ፒቢኤስም ለጣቢያዎቹ አላሰራጭም አለ፣ ፕሮግራሙን የሰራው የቦስተኑ ጣቢያ ነው ለፈለገ ሁሉ የሰጠው።
ደግሞ የሚናደደው አንድ ወገን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሞደርን ፋሚሊ የሚባለው የቲቪ ኮሜዲ በ2009 ሲጀምር ሁለቱ ወንድ ጥንዶች ሚቸልና ካም ልጅ እያሳደጉ እንኳን አንዴም ሲሳሳሙ አይታዩም ነበር፣ ሌሎቹ ባልና ሚስቶች ግን ችግር የለባቸውም። ተመልካቹ ፌስቡክ ላይ ዘመቻ ከፈተ፣ በ2010 ሳሙ፣ እሱም ሌላው ሰው ከፊት እያወራ ከኋላ በጨረፍታ 😂 በ2012 ምርጫ ደግሞ ኦባማም የሮምኒ ሚስትም ይሄንኑ ፕሮግራም እንወዳለን ሲሉ ነበር። ሰዉ መጀመሪያ ሳቁን ነው የወደደው፣ ሰዎቹን ከዛ ለመዳቸው፣ እኔ እንደዛ ነው የሚመስለኝ።

ሻርጃ ነኝ
እኛ ጋ ሌላ ነው። በ2022 መስከረም የገልፍ አገሮች ኔትፍሊክስን በተለይ በልጆች ፕሮግራም አስጠነቀቁት፣ ማዳም በዛው ሰሞን የልጆቹን አይፓድ ሰብስባ «ምን ሲያዩ ነበር?» ብላ እኔን ያዘችኝ። እንግሊዝኛ ካርቱን በአረብኛ ፅሁፍ፣ እኔ ምን አውቄ 😭 ሽንኩርት ስከትፍ ነበር።

ቲጂ ከሲያትል
እህቴ፣ እማማስ ከዛ በኋላ ምን አሉ? ዋናውን ነገር ዘለልሽው እኮ

የቡና ሱስ
ለዳላሱ፦ እኔም እንዳንተ አስቤ ነበር፣ ግን ሲመጣ ሪሞቱ እጄ ላይ አልነበረም፣ ጀበና ነው የነበረው። ልጄ ደግሞ ሰርጉ ምንም አልመሰላትም፣ ቀኑን ሙሉ ያወራችው አስተማሪ እንዴት ይጨፍራል እያለች ነው (ካርቱኑ ውስጥ ያሉት ልጆችም የደነገጡት በሱ ነው)።
ቲጂዬ፣ እማዬ ሳምንቱን ሙሉ አላነሳችውም። ትናንት ልጄ ቲቪ ስትከፍት ግን ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለችና «ያ አስተማሪ ዛሬ የለም?» አለች። የለም አልኳት። «ይሻላል» አለች፣ ትንሽ ቆይታ ግን «ጭፈራውን እንኳ አልቻለበትም» 😂