አምሪሽ ፑሪ ይህን ሁሉ ዓመት ክፉ ሆኖ ሲጫወት እንዴት አልሰለቸንም?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የህንድ ፊልም በደንብ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ አግዙኝ። ባለፈው እሑድ ከእናቴ ጋር «ናጊና»ን አየን። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1986ቱን፣ ሽሪዴቪ እባብም ሴትም የሆነችበትን። አምሪሽ ፑሪ ብቅ ሲል እናቴ ትራሱን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ይሄ ሰውዬ እስካሁን ያስፈራኛል» አለችኝ። ፊልሙን መጀመሪያ ያየችው በወጣትነቷ ነው። ታሪኩን ረስታዋለች። የሱን ዓይን ግን አልረሳችም።

እኔ እሱን ያወቅሁት አባት ሆኖ ነው። «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ላይ የካጆል አባት እሱ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ለንደን ውስጥ ትራፋልጋር አደባባይ ቆሞ ለርግቦች እህል ይበትናል። ልቡ ግን ፑንጃብ ነው። ኮስታራ አባት ነው፣ ያም ሆኖ ጠልቼው አላውቅም። መጨረሻ ላይ ባቡር ጣቢያው ውስጥ የልጁን እጅ ሲለቅ ሁሌም አለቅሳለሁ።

አንድ ሰው ይህን ያህል ዓመት ክፉ ሆኖ ሲጫወት ተመልካች እንዴት አልሰለቸውም? ያንን ሁሉ ክፋት ካየንበት በኋላስ አባትነቱን እንዴት አመንነው? ከእናቴ ጋር የምናየውም ጠቁሙን።

መልስ፣ ከቪዲዮ ዘመን ልጅ

ሌላውን ሁሉ ተዪውና «ሚስተር ኢንዲያ»ን እዩ። የ1987 ፊልም ነው። አኒል ካፑር የማይታይ ሰው ይሆናል፣ አምሪሽ ፑሪ ደግሞ ሞጋምቦ ነው። ወርቃማ ፀጉር፣ በጌጥ የተንቆጠቆጠ የጄኔራል ልብስ፣ የራሱ ደሴት። «ሞጋምቦ ኩሽ ሁዋ» ይላል። «ሞጋምቦ ደስ አለው» ማለት ነው። ራሱን በስሙ እየጠራ! ሲቆጣ ሳይሆን ደስ ሲለው ነው የሚያስፈራው። ልጆች ሳለን አንድም የሒንዲ ቃል ሳናውቅ ይህቺን በቃላችን ይዘናት ነበር። እኛ ዘንድ «አክተሩ» ማለት ጀግናው ብቻ ነው። ሲጫወቱ ሁሉም አክተሩን መሆን ይፈልጋል። እኔ ግን ሞጋምቦን ካልሆንኩ አልጫወትም እል ነበር።

መልስ፣ ከማታ ልምምድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳየው ደስ አለኝ። ስለዚህ ሰው ብዙ ዓመት ሳስብ ኖሬያለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ያለው ፊልም ከመጀመሩ በፊት ባሳለፈው ዕድሜ ውስጥ ነው።

የተወለደው በ1932 ፑንጃብ ነው። ታላላቅ ወንድሞቹ ቻማን እና ማዳን ቀድመውት ተዋናይ ሆነዋል። ማዳን ፑሪማ ራሱ በክፉ ሰውነት የታወቀ ነው። ታናሹም ተከትሏቸው ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ ገባ። ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ለፊልም ተፈተነና ወደቀ። የተመኘው ጀግና መሆን ነበር።

ሲወድቅ ሥራ ፈልጎ ገባ። የሠራተኞች መድን የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀጠረ። እዚያ 20 ዓመት ገደማ ሠራ። እስቲ አስቢው! በኋላ የአገር ሕፃናትን ሁሉ ያስፈራው ሰው ያን ሁሉ ዓመት ጠዋት ቢሮ የሚገባ ሠራተኛ ነበር።

ከሥራ ሰዓት ውጪ ግን ቲያትር አለ። ወደ መድረክ ያስገባው ታላቁ አዘጋጅ ኢብራሂም አልካዚ ነው። ቀጥሎ ከሌላ የቲያትር አዘጋጅ፣ ከሳትያዴቭ ዱቤይ ጋር ብዙ ሠራ። ዱቤይ በዕድሜ ከሱ ያንሳል፤ አምሪሽ ግን እንደ መምህሩ ያየው ነበር። ይህ ነገር ሁሌም ልቤን ይነካኛል። ትልቅ ሰው ከታናሹ ቁጭ ብሎ ሲማር ማየት ብዙ ጊዜ አይገጥመንም። በ1979 ለቲያትር ሥራው የሳንጊት ናታክ አካዳሚን ሽልማት አግኝቷል። በህንድ ለመድረክ ሰው ከሚሰጡት ትልልቅ ክብሮች አንዱ ነው።

ስለዚህ የፊልም ሰዎች በደንብ ልብ ሲሉት 40ን አልፏል። ድምፁ ተሠርቶ አልቋል። «ናጊና» ላይ ይህ ጎልቶ ይታወቃል። አካሉን እምብዛም አያንቀሳቅስም። አንድ እርምጃ ከሄደ ትርጉም አለው። ድምፁን ከሆዱ ነው የሚያወጣው፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል።

ይህን የምለው በሥራው ስለማውቀው ነው። እኔም ቀን ቢሮ ነኝ፣ ማታ የአማተር ቲያትር ቡድን ውስጥ እለማመዳለሁ። 14 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ክፉ ሰው እንድጫወት ሲሰጠኝ ጮህኩ፣ ጠረጴዛ መታሁ፣ ዓይኔን አጉረጠረጥኩ። አዘጋጇ አስቆመችኝ። «ይሄ ሰውዬ እኮ ትክክል ነኝ ብሎ ነው የሚያምነው። ምን ያስጮኸዋል?» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ የአምሪሽ ፑሪን የ70ዎቹ ፊልሞች ማየት ጀመርኩ። ያኔ ገባኝ።

የፊልም አዘጋጁን የሺያም ቤኔጋልን «ማንታን» ፈልጊ። የ1976 ሥራ ነው። የጉጃራት ወተት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያቋቁሙ የሚያሳይ ነው። የፊልሙን ወጪ የሸፈኑት 500,000 ገበሬዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ አዋጥተው። አምሪሽ ፑሪ እዚያ ላይ የወተት ነጋዴ ነው። ሰይፍ የለውም፣ ደሴት የለውም። ወተታቸውን በርካሽ እየገዛ የሚኖር ሰው ነው። በጨዋ አነጋገር፣ ለእነሱ የሚያስብ መስሎ ያዋራቸዋል። ለእኔ ከሞጋምቦ ይልቅ ይሄኛው ያስፈራል፤ እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁና። ከዚያ በፊት በ1975 በዚያው አዘጋጅ «ኒሻንት» ላይ የመንደር ባላባት ሆኗል። እሱንም ብታዪው አይቆጭሽም።

መልስ፣ ከአንድ አንባቢ

ማታ ልምምድ የጻፍከው ጥሩ ነው፤ ትንሽ ልቃወምህ ግን። አምሪሽ ፑሪ የሠራቸው ፊልሞች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። የ80ዎቹ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ልብሱ ይቀየራል፣ ፀጉሩ ይቀየራል፣ ሳቁ ያው ነው። የሆሊውዱ አዘጋጅ ስፒልበርግ በ1984 ለ«ኢንዲያና ጆንስ» ሲወስደውም ጭንቅላቱን ተላጭቶ የሰው ልብ በእጁ ሲያወጣ ነው ያየነው። አስፈሪ ነው፤ ሰው ግን አይደለም። ደግሞ ከክፉ ወደ ደግ መሸጋገርን እሱ አልጀመረውም። ሌላው የህንድ ተዋናይ ፕራን በክፉ ሰውነት ለብዙ ዓመታት ሲጠላ ኖሮ በ1967 «ኡፕካር» ላይ ደግ ሰው ሆኖ ሰውን አስለቅሷል።

መልስ፣ ከማታ ልምምድ

ወንድሜ፣ ስለ ፕራን ልክ ነህ። መንገዱን የከፈተው እሱ ነው። የ80ዎቹም እውነት ነው፣ የፊልም ጽሑፉ ምንም ያልሰጠው ብዙ ፊልም አለ። እኔም አንዳንዶቹን እስከ መጨረሻ ማየት አቅቶኛል። በነዚያ ውስጥ እንኳ ግን በንቀት ሲሠራ አላየሁትም። ተራ ፊልም ላይም ያው የመድረክ ሰው ነው።

እህታችን ስለ አባትነቱ ጠይቃለች፣ እሱን ሳልመልስ ቀረሁ። 1995ን ተመልከቱት። በዓመቱ መጀመሪያ «ካራን አርጁን» ወጣ። እዚያ ላይ የሁለት ወንድማማቾችን አባት ያስገድላል፣ ቀጥሎ ልጆቹንም ይፈጃል። ከልጆቹ አንዱ ሻህ ሩክ ካን ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ እህታችን ያለችው ፊልም ወጣ፤ ያው ሻህ ሩክ ልጅህን ስጠኝ ብሎ ደጁ ይጠናል። ተመልካቹ ይህን ሰው ያውቀዋል። ምን ማድረግ እንደሚችል አይቷል። ስለዚህ ባቡር ጣቢያው ላይ የልጁን እጅ አጥብቆ ሲይዝ እውነትም የማይለቅ ይመስላል። ያ ሁሉ የክፋት ዘመን እዚያች ደቂቃ ላይ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ። ሁሌ ደግ የሚጫወት ሰው ያን እጅ ቢለቅ ይህን ያህል አያስለቅስም ነበር።

ሽልማቱንም ልብ በሉ። ፊልምፌር የሚባለው የህንድ ትልቅ የፊልም ሽልማት ምርጥ ረዳት ተዋናይ ብሎ ሦስት ጊዜ ሸልሞታል። የመጀመሪያው «ሜሪ ጃንግ» ላይ ጨካኝ ጠበቃ ሆኖ ነው። ሁለቱ ግን በአባትነት ነው። የ1996ቱ «ጋታክ» ላይ ጉሮሮውን ካንሰር የያዘው ሽማግሌ አባት ነው፣ በወሮበሎች እጅ ይዋረዳል። የ1997ቱ «ቪራሳት» ላይ የመንደር ሰው ሁሉ የሚያከብረው አባት ነው። ሁለቱንም ሲሠራ ከ60 በላይ ነበር። ሙምባይ ውስጥ በጥር 2005 ሲሞት 72 ዓመቱ ነበር። ዋናውን የፊልም ሥራውን የሠራው ሌላው ሰው ስለ ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል።

ለእናትሽ «ቪራሳት»ን አሳያት።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ትናንት ማታ «ቪራሳት»ን አየን። እናቴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ቆይ፣ አሁን የሆነ ነገር ያደርጋል» እያለች ጠበቀችው። ምንም አላደረገም። ሲሞት ግን አለቀሰች። ለሻይ ስነሳ «ስሙን ንገሪኝ እስቲ» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስትፈራው ስሙን አታውቀውም ነበር። ቅዳሜ «ማንታን»ን እናያለን።