የዕቅድ ውይይት፦ ለማኅበሩ የሚገዛው ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ምን ያሟላ?

ጸሐፊ፦ ባሕር ዳር ላለን የጥገና ባለሙያ አባላት በጋራ የሚገዛው፣ ዕቃ ሳይነካ ሙቀት የሚለካው መሣሪያ ረቂቁ ይህ ነው፦ «አንድ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር፣ እስከ 1,000 ዲግሪ የሚለካ፣ ሌዘር ያለው።» ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችን በፊት የሚጨመረውም የሚቀነሰውም ይነገር።

የመኪና ጥገና፦ 1,000ው ይውጣ። ራዲያተር ጤነኛ ከሆነ 100 አይሞላም። የዓባይን በረሃ ወርዶ የመጣ መኪና የፍሬን ታምቡሩ 200ን አልፎ 300 ሊነካ ይችላል። ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው የሚወጣው የጭስ ቱቦ ከዚያ ቢበልጥም፣ እስከ 550 የሚለካ መሣሪያ ለኛ ሥራ ይበቃል። ለማንለካው ሙቀት ከመክፈል ይልቅ ኢሚሲቪቲው የሚስተካከል ይገዛ።

ሒሳብ ያዥ፦ ኢሚሲቪቲ የምትሉትን ለጠቅላላ ጉባኤው በምን ቃል ላስረዳ? ደግሞስ በኮሮና ጊዜ ግንባር ይለካ የነበረው መሣሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የለም?

የመኪና ጥገና፦ የግንባሩ ከ32 እስከ 43 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው የሚለካው። ሞተር ላይ ብታነጣጥረው «ኤች አይ» (ከልኬ በላይ ነው) ብሎ ዝም ይላል። እዚያው ይቀመጥ።

ኢሚሲቪቲን እንዲህ በላቸው። መሣሪያው የሚያነበው ከዕቃው ገጽ የሚወጣውን፣ ለዓይን የማይታየውን ጨረር ነው። ጥቁርና ደብዛዛ ገጽ ጨረሩን ሳይሰስት ይለቃል። የሚያብረቀርቅ ብረት ግን የራሱን ይዞ የጎረቤቱን ያንጸባርቃል። ኢሚሲቪቲ ይህን የመልቀቅ ዐቅም ከ0 እስከ 1 የሚገልጸው ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ 0.95 ላይ የታሰረ መሣሪያ፣ 90 ዲግሪ የጋለ የተወለወለ አሉሚኒየም ላይ ቢያነጣጥሩት 35 አካባቢ ያሳያል። ሰውየው «ቀዝቅዟል» ብሎ እጁን ሲያሳርፍ ይላጣል። ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ ሸክላና ቀለም የተቀባ ብረት 0.95 አጠገብ ስለሆኑ ብዙም አያሳስቱም። የዛገ ብረት ከ0.7 እስከ 0.9 ይዋልላል። የተወለወለ መዳብና አሉሚኒየም 0.1 እንኳ አይሞሉም፤ ቁጥሩን እዚያ ድረስ አውርዶ መለካትም አያዋጣም፣ ትንሿ ስሕተት ብዙ ዲግሪ ይዛ ትሄዳለች። እንዲህ ያለውን ገጽ ማጥቆር ይሻላል።

የባጃጅ ጥገና፦ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ይህ በየቀኑ ያጋጥማል። ሙቀት የሚበትኑት ክንፎቹ አሉሚኒየም ናቸው። ካንዴላው አጠገብ የሳንቲም ያህል ቦታ በብረት ብሩሽ አጽድቶ፣ እሳት የሚችል የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም መቀባት፤ ሁልጊዜ እሷን ብቻ መለካት። ተራ ቀለም ይቃጠላል፣ ስለዚህ ቀለሙም ግዢው ውስጥ ይግባ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦ ለቦርድ ጥቁር ናስትሮ ይበቃል፤ ከ80 ዲግሪ በላይ ግን ሙጫው ስለሚለቅ ለሞተር አይሆንም። ደግሞ መብራት ያለበት ቦርድ ላይ ናስትሮ ልለጥፍ የሚል እንዳይኖር! መጀመሪያ ይጥፋ። ከዚያ ጭነት ተሰጥቶት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይለካ። ናስትሮም ሳያስፈልግ፣ ከብሎኑ አጠገብ ያለውን የሽቦ ፕላስቲክ ማነጣጠር ይቻላል። እኩል ጭነት ከተሸከሙት ብሬከሮች አንዱ ለብቻው ከጋለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብሎኑ ላልቷል።

ረቂቁ ላይ ያልተጻፈው ትልቁ ነገር ርቀት ነው። 12 ለ 1 የሚባለው መሣሪያ ከ12 ሳንቲ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያያል፤ ከ60 ሲሆን 5 ይሆናል። ከክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ብሎን ለካሁ የሚል ሰው የለካው ብሎኑን ከነጎረቤቶቹ አማክሎ ነው። የሚለካው ነገር መሣሪያው ከሚያየው ስፋት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። 8 ለ 1 የሆኑት ርካሾች ለቦርድ አይመቹም። ሌዘሩም ጠቋሚ እንጂ መለኪያ አይደለም፤ ከሌንሱ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ስለሚወጣ በጣም ሲቀርቡ ነጥቡ ሌላ ቦታ ያርፋል። ዓይን ላይ አይያዝ።

የጀልባ ሞተር፦ ለኛ ዋናው ችግር እምቦጭ ነው። ሥሩ የሞተሩን ውሃ መሳቢያ ሲደፍነው ቴስታታው ይግላል። የብዙዎቹ የጀልባ ሞተሮች ቴርሞስታት፣ የማቀዝቀዣ ውሃው በር፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ስለሚከፈት፣ በመኪና ልማድ «80 ምንም አይደል» ማለት አይሠራም። የሚለካው የተቀባው ክፍል ነው፤ እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ ይጠረግ፣ አለዚያ የሚነበበው ውሃው ነው።

የመኪና ጥገና፦ የአየር ሙቀት የሚፈልግ ካለ ይህ መሣሪያ አየር አይለካም፤ ኤሲው ላይ ቢያነጣጥሩት የሚያነበው የላስቲክ ፍርግርጉን ነው። በመስታወት አሳልፎም አያይም። ስለዚህ በሽቦ ጫፍ ነክቶ የሚለካው፣ «የኬ ዓይነት» የሚባለው መለኪያ የሚገባበት መሰኪያ ያለው ቢገኝ ጥሩ ነው። ፍሬን ሲፈተሽ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ይታይ፦ ፍሬን ሳይያዝ 5 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ግራው 40፣ ቀኙ 110 ከሆነ ቀኙ አልለቀቀም። ነዳጁ የማይቃጠልበት ሲሊንደርም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ከቅዝቃዜ በተነሣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የጭስ ቱቦዎቹ ሲለኩ ሰነፉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሁሉም ከጋሉ በኋላ ግን መለየቱ ይከብዳል።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ «አንድ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር፤ ከዜሮ በታች ጀምሮ ቢያንስ እስከ 500 ዲግሪ የሚለካ፤ ርቀቱ 12 ለ 1 ወይም የተሻለ፤ ኢሚሲቪቲው የሚስተካከል፤ ከፍተኛውን ንባብ የሚይዝ፤ የኬ መሰኪያ ቢኖረው የሚመረጥ። ከሱ ጋር አንድ ጣሳ እሳት የሚችል ጥቁር ቀለም፣ ሁለት ጥቅል ናስትሮ፣ ትርፍ ባትሪ ድንጋይ። ርክክብ ሲደረግ በተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ ውስጥ 0፣ በፈላ ውሃ 100 ማሳየቱ ይረጋገጥ፤ የ2 ዲግሪ ልዩነት ይፈቀዳል።»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦ በረዶው ይሁን፣ እየተማሰለ ይለካ። የፈላ ውሃው ግን ይታረም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ውሃ 94 አካባቢ ይፈላል። በረቂቁ ከሄድን ደኅናውን መሣሪያ ለነጋዴው መልሰን 100 የሚያሳየውን የተበላሸ እንወስዳለን። እንፋሎቱም ሌንሱን ያጨልመዋል። ይልቅ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወረቀቱ ተልጦ ግማሽ ጎኑ ጥቁር ይቀባ፣ ሙቅ ውሃ ይሞላ፣ ውሃው ውስጥ ተራ ቴርሞሜትር ይነከር። ጥቁሩ ጎን ከቴርሞሜትሩ ጋር ይቀራረባል፤ ያልተቀባው ጎን እጅግ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሒሳብ ያዣችንም ጉባኤው ፊት ኢሚሲቪቲን በዚሁ ጣሳ ያሳዩበት።

የመኪና ጥገና፦ የራዲያተር ክዳኑ ላልቶ ግፊት የማይዝ መኪና ቶሎ የሚፈላብን በዚሁ በ94ቱ ምክንያት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ መሣሪያው ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይደር፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ሲዛወርም ከመለካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ፣ አለዚያ ይዋሻል።

ጸሐፊ፦ 100ው ወጥቷል፣ ጣሳው ገብቷል። ፕሮፎርማው ከሦስት ሱቅ ይሰብሰብ።

ሒሳብ ያዥ፦ ጣሳውን እኔ አመጣለሁ።