«አንባቢ አይራብም» ለተባለው

የስድስት ኪሎዋ፦ ትናንት ማታ ዓለም ካለቀች በኋላ ስላለው ታሪክ ስናወራ ናቲ እንዲህ ብሎ ጽፎ ተኛ፦ «መጽሐፉም ፊልሙም ከዳር ቆሞ ማየት ነው። የፈረሰው ዓለም ውስጥ የሚያስገባህ ጌም ብቻ ነው። አንባቢ አይራብም፣ ተጫዋች ግን ይራባል።» እኔ አልተኛሁም። «አንባቢ አይራብም» ምን ማለት ነው? የኮርማክ ማካርቲን «ዘ ሮድ» (እ.ኤ.አ. 2006) ያነበበ ሰው ይህን አይልም። አባትና ልጅ አመድ በለበሰ አገር የሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ምን ደርሶ ዓለም እንዲህ እንደሆነች ጸሐፊው አይነግርህም፤ የሚነግርህ ዛሬ ምን እንደበሉ ነው። ብዙ ገጽ ምንም አይበሉም። ሊሞቱ ሲሉ አባትየው መሬት ውስጥ የተሠራ መጠለያ ያገኛል፣ የታሸገ ምግብ የተደረደረበት። እዚያ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ጓዳ ገብቼ የቀዘቀዘ እንጀራ በልቻለሁ። ልጁ ግን ከመብላቱ በፊት ምግቡን ላስቀመጡት ለማያውቃቸው ሰዎች ምስጋና ያቀርባል። ይህን የትኛው ጌም ላይ አገኘኸው?

ናቲ ፒኤስ፦ አንቺ ጓዳ ገብተሽ እንጀራ በላሽ። ጓዳ ነበረሽ ማለት ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ልብሽ አልተነካም አላልኩም፤ ምንም አልጎደለብሽም ነው ያልኩት። «ሜትሮ 2033» የተባለው ጌም ላይ ጥይት ገንዘብ ነው። ከጥፋቱ በፊት የተሠራው ደህና ጥይት ዕቃ ይገዛል፤ ያው ጥይት ጠመንጃ ውስጥም ገብቶ ይተኮሳል። በሞስኮ ምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ አውሬው ሲመጣብሽ የምትተኩሺው ጥይት የነገ መግዣሽ ነው። ቆጥበሽ ትሞቻለሽ ወይ ተኩሰሽ ትደኸያለሽ። መጽሐፍ ይህን ይነግርሻል፣ ከኪስሽ ግን አያወጣም።

የስድስት ኪሎዋ፦ ከጠራኸው አይቀር ሙሉውን እንጥራው። «ሜትሮ 2033» መጽሐፍ ነበር። ድሚትሪ ግሉኮቭስኪ በ2002 ኢንተርኔት ላይ አወጣው፣ በ2005 ታተመ፣ ጌም የሆነው በ2010 ነው። ጥይት መገበያያ የሆነው መጀመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ነው። የጥይት ሒሳብ ካነሳህ ደግሞ «ዘ ሮድ» ሲጀምር የአባትየው ሽጉጥ ሁለት ጥይት ነው ያለው። አንዷን ልጁን የያዘበት ሰው ላይ ይተኩሳል። ከዚያ አንድ ጥይት ለሁለት ሰው ይቀራል፤ ለማን እንደሆነች አባትም ልጅም ያውቃሉ። ያቺን አንድ ጥይት እስከ መጨረሻው ገጽ ከእነሱ ጋር ተሸክሜአለሁ።

ናቲ ፒኤስ፦ የተሸከመው አባትየው ነው።

የስድስት ኪሎዋ፦ አንተም ዋሻ ውስጥ አልነበርክም። የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ወንበር ላይ ነበርክ። ብትሞት ጨዋታውን ሴቭ ካደረግክበት (ካስቀመጥክበት) ቦታ ትነሳለህ። የሚነሳ ሰው ምን ይርበዋል?

ፊልም ወዳጁ (ሜሪላንድ)፦ ሁለታችሁም ስክሪኑን ረሳችሁት። «ዘ ላስት ኦፍ አስ» በ2013 ጌም ሆኖ ወጣ፣ በ2023 በኤችቢኦ ተከታታይ ድራማ ሆነ። ሁለቱንም አውቃለሁ። የድራማውን ሦስተኛ ክፍል አስቡት። ጌሙ ላይ ቢል የሚባለውን ሰው የምታገኘው ብቻውን ነው፤ አብሮት የኖረው ፍራንክ ተለይቶት ሞቷል፣ የምሬት ማስታወሻ ትቶለታል። ድራማው ያንን ቀየረና ሁለቱን ለዓመታት አብረው ሲያረጁ አሳየን። አጥር ሠሩ፣ አትክልት ተከሉ፣ እንጆሪ በሉ። ዓለም ካለቀች በኋላ ያንን እንጆሪ ሲቀምሱት ፊታቸው ላይ ያየሁትን በየትኛውም ጆይስቲክ አልጨበጥኩትም። ናቲ «ከዳር ቆሞ ማየት» የሚለውን የንቀት ቃል ይተው። ማየት ቀላል ሥራ አይደለም።

ናቲ ፒኤስ፦ ንቀት አይደለም። የመጨረሻውን ሆስፒታል ግን ለምን ዘለልከው? ዋናው ሰው ጆኤል፣ በጉዞው ሁሉ ሲጠብቃት የኖረውን ልጅ ሊያወጣ ቀዶ ጥገናው ክፍል ይገባል፣ ሐኪሙ ቢላ ይዞ ይቆማል። ድራማው ላይ ጆኤል ሲገድለው ታያለህ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነው» ትላለህ። ጌሙ ላይ ጣትህ ነው የሚገድለው። ከዚያ በኋላ በጆኤል መፍረድ አትችልም፣ እጅህ አለበት። እኔ ያን ቀን ጆይስቲኩን አስቀምጬ ወጥቻለሁ።

ኤደን፦ ሁለቱንም ስለምወድ ዝም ብዬ ነበር፣ እዚህ ላይ ግን ዝም አልልም። ናቲ፣ ያን ቀን ምን ምርጫ ነበረህ? ሐኪሙን ሳትገድል ጌሙ ወደፊት አይሄድም። እዚያ ክፍል አሥር ደቂቃ ቆሜ ለመውጣት ሞክሬአለሁ፣ አይቻልም። ወይ ትገድላለህ ወይ ታጠፋዋለህ። ገጽ የሚገልጥ አንባቢም ይኸው ነው፤ ወይ ይቀጥላል ወይ ይዘጋል። «እጄ አለበት» ያልከው ስሜት እውነት ነው፣ እኔም ተሰምቶኛል። የመጣው ግን ከነፃነት አይደለም። አሥራ ምናምን ሰዓት ያቺን ልጅ አጥር አሻግረህ፣ ቀልዷን ሰምተህ፣ ወደሃት ነው። ታሪኩ ነው የያዘህ።

ናቲ ፒኤስ፦ አሥራ ምናምን ሰዓት ያሻገርኳት ግን እኔ ነኝ።

የስድስት ኪሎዋ፦ ኤደን ያለችው ይበቃል።

ናቲ ፒኤስ፦ አይበቃም። ሴቭ እያሉ መነሳት ያልሽውም ለሁሉም አይሠራም። «ዲስ ዋር ኦፍ ማይን» (2014) ላይ በፈለግሽበት ሰዓት ሴቭ ማድረግ የለም። የሞተ ሞቷል። ከተማዋ ተከባለች፣ ቤት ውስጥ የታመመ አለ፣ መድኃኒት የለም። ሌሊት ወጥተሽ የሁለት ሽማግሌዎች ቤት ትገቢያለሽ። አይከላከሉሽም። ከዘረፍሻቸው በማግስቱ የራስሽ ሰዎች አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ምግብ እያለም ሥራ አይሠሩም። ፖላንድ በ2020 ይህን ጌም ለተማሪዎች ከሚመከሩ የንባብ ሥራዎች ጋር እንደምታስገባው አስታውቃለች። ከንባብ ሥራዎች ጋር ነው የምልሽ!

የስድስት ኪሎዋ፦ እሱ የዓለም ማብቂያ አይደለም። መነሻው በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ የደረሰው የሳራዬቮ ከተማ ከበባ ነው፣ የሆነ ነገር ነው፣ የደረሰባቸው ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ርዕስ አትቀይር።

ኤደን፦ ርዕሱ እኮ እዚያው ነው። ለተከበበ ሰው ዓለም አልቃለች።

የድሮው መምህር፦ ልጆች፣ «ይራባል» በምትሉት ቃል ላይ እኔም አንድ ነገር ልበል። አያቴ «ክፉ ቀን» ስትል ድምጿ ይለወጥ ነበር፤ እሷም ከእናቷ የሰማችው ነው። ከ1880 እስከ 1884 በእኛ አቆጣጠር፣ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው። ዝናብ ቀረ፣ አንበጣ መጣ። አራሽ በሬ ስለጠፋ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። ያንን ያየ ሰው ስምንተኛው ሺህ ገባ ቢል አይፈረድበትም። አያቴ ግን ስለ ሞተው ሰው ብዛት አንድ ቀን አላወራችኝም። የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፤ እናቷ ለዘር ያለችውን አንድ ቁና ገብስ ከልጆቿ ደብቃ መሬት ውስጥ እንደቀበረች። ልጆቹ ሌሊት በረሃብ ሲያለቅሱ ቁናው የት እንዳለ ታውቃለች። ይኸው ነው።

ናቲ ፒኤስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይህ የነገሩን እኮ የእኔን ነው የሚደግፈው። ልብላው ወይስ ላቆየው፣ ለዛሬ ልጅ ወይስ ለከርሞ እርሻ፤ ጌም የሚያስጨንቅህ በዚህ ነው። አንድ ሰው ቁናውን በእጄ ሰጥቶ ምረጥ ቢለኝ ያኔ ይገባኛል።

የስድስት ኪሎዋ፦ አሁኑኑ ገባህ እኮ! ማንም ቁና አልሰጠህም። ጋሼ አምስት መስመር ጻፉ፣ አንተ አነበብክ፣ ተነካህ። አንባቢ ነህ አሁን። «አንባቢ አይራብም» ያልከው ሰውዬ የት ሄደ?

ናቲ ፒኤስ፦ ተነክቻለሁ። ከእኔ ጓዳ ግን ገብስ አልጎደለም።

ፊልም ወዳጁ (ሜሪላንድ)፦ ደግሞ «ጎደለ አልጎደለም» ልትሉ ነው። ለእኔ የጋሼ ታሪክ የያዘኝ ከአደጋው ሁሉ አንድ ዕቃ ስለቀረበት ነው። የምወዳቸው ሥራዎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። በአማርኛ የተሠራውን «ክራምስ» (2015) የተባለ ፊልም ስንቶቻችሁ አይታችኋል? 68 ደቂቃ ነው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይሠሩበታል፣ ዳሎል ላይ ሁሉ ተቀርጿል። የማይክል ጆርዳን ምስል እንደ ታቦት ይጸለይበታል። የድሮ መጫወቻና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ቅርስ ይመዘናል። አንድም ፍንዳታ የለውም፤ ከእኛ ዘመን የተረፈው ቆሻሻ ሲከበር ብቻ ታያለህ፣ ዓለም ማለቋን ያኔ ታምናለህ።

ናቲ ፒኤስ፦ ያዘጋጀው ሚጌል ያንሶ እኮ ስፔናዊ ነው። የእኛ ሥራ አድርገህ አታቅርበው።

ፊልም ወዳጁ (ሜሪላንድ)፦ ቋንቋው አማርኛ፣ ፊቱ የእኛ፣ መሬቱ የእኛ። ለአንተ የማን ነው? «ሜትሮ»ን ስታወድስ የሞስኮ ዋሻ ነው ብለህ አልተውከውም። ጌሙን የሠሩት ደግሞ ኪየቭ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ኤደን፦ ተዉ፣ ይህ ሌላ ክርክር ነው። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገብሱ ተዘራ?

የድሮው መምህር፦ ተዘራ ልጄ። የዚያን ዓመት አንበጣ በላው። በሚቀጥለው ዓመት ከጎረቤት ተበድረው ዘሩ።

የስድስት ኪሎዋ፦ ናቲ፣ አሁንስ?

ናቲ ፒኤስ፦ አሁንም ያው ነኝ። የሆስፒታሉን ነገር ደግሞ አልጨረስኩም፤ ነገ ከሥራ ስወጣ ኤደን ያለችውን አንድ በአንድ እመልሳለሁ።