የጤፍና የሙዝ ፓንኬክ ሲገለበጥ ይሰባበርብኛል፤ ምን ላድርግ?

የናሆም እናት

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ሰባት፣ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ፓንኬክ ካልሆነ ቁርስ የበሉ አይመስላቸውም። እስካሁን የምሠራላቸው በፉርኖ ዱቄትና በስኳር ነበር። አሁን ነጭ ዱቄቱንም ስኳሩንም ልቀንስ ብዬ ወደ ጤፍ ዞርኩ። ዱቄቱ ለእንጀራ ያስፈጨሁት ሰርገኛ ነው። 1 ኩባያ ዱቄት፣ 1 እንቁላል፣ 1 ሙዝ፣ ወተትና ትንሽ ቤኪንግ ፓውደር አደርጋለሁ። ከዚያ እንደ ፉርኖው ወዲያው ወደ መጥበሻ።

ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ግን ልገለብጠው ስል መሃል ለመሃል ይከፈላል። ሲበላ ደግሞ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ትንሿ "እማዬ፣ አፈር አለው" ብላ ተወችው።

ሌላም አለ። ትልቁ ረቡዕና ዓርብ መጾም ጀምሯል። ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ይሆናል ወይ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ወጥ ቤቷ

እህቴ፣ ጤፍሽ ምንም አልሆነም። ያነሰው ጊዜ ነው። እኔ የምሠራው ሕፃናት ማቆያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የጤፍ ፓንኬክ ከቁርሶቻችን አንዱ ነው፤ ልጆቹም አያስተርፉልንም። አሸዋነቱን የሚያጠፋው ሊጡን ማሳረፍ ነው። ፉርኖ ውሃ ቶሎ ይጠጣል። ጤፍ ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ ውሃውን የሚጠጣው ቀስ እያለ ነው። ወዲያው ከጋገርሽው ዱቄቱ ውስጡ ሳይርስ ይበስላል። ልጅሽ አፈር ያለችው እሱን ነው።

ዱቄቱን፣ ወተቱንና ሙዙን ቀላቅለሽ ቢያንስ 20 ደቂቃ ክደኚው። ልጆቹን እስክታለብሺ ይደርሳል። ስታነሺው ወፈር ብሎ ታገኚዋለሽ፤ ከጭልፋ ላይ በዝግታ እንዲወርድ ትንሽ ወተት ጨምሪበት። ቤኪንግ ፓውደሩን መጨረሻ ላይ፣ ልትጋግሪ ስትይ ጨምሪ። ቀድሞ ከገባ ሊጡ ሲያርፍ ጋዙ ይወጣና ፓንኬኩ ሳይነፋ ይቀራል።

የመሰባበሩ ምክንያት ሌላ ነው። ስንዴ ውስጥ ግሉተን አለ። ሊጡን እንደ ላስቲክ ስቦ የሚይዘው እሱ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ የሚያያይዝ ነገር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ያ ነገር እንቁላልና ሙዝ ነው። ብዙ ሰው ሙዝን ለጣፋጭነት ብቻ ያስገባዋል። እኔ ግን የማየው እንደ ማጣበቂያም ጭምር ነው። ለዚህ ልጣጩ ጠቃጠቆ ያወጣ፣ በጣት ሲነኩት የሚሰረጉድ ሙዝ ያስፈልጋል። ጠንካራው ሙዝ አይጣፍጥም፣ አያያይዝምም።

የእኔ ልክ ይሄ ነው፦ 1 ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የአጃ ዱቄት፣ 2 በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ 2 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው። ስኳር የለም። ቀረፋ ከወደዱ ትንሽ ጣል አድርጊበት። አጃው ሲርስ የሚያሙለጨልጭ ነገር ያወጣል፤ ሊጡን ለመያዝ ያግዛል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን አጃ በጁስ መፍጫ ፈጭተሽ መጠቀም ትችያለሽ።

ስትጋግሪ እሳቱ ዝቅ ይበል። ጤፍ ጠቆር ስለሚል መብሰሉን በቀለሙ አታውቂውም። መጥበሻውን ዘይት አስነክተሽ ግማሽ ጭልፋ አፍስሺ፤ ከመዳፍሽ አይብለጥ። ትልቅ ፓንኬክ ሲገለበጥ የራሱ ክብደት ይሰብረዋል። ክዳን አድርጊበት። ትንሽ ቆይተሽ ስትከፍቺው ዳር ዳሩ ማብረቅረቁን ትቶ ደብዘዝ ይላል። ላዩ ላይ ጥቂት ዓይን ታያለሽ፤ እንደ እንጀራ ግን አትጠብቂ። ያኔ መጥበሻውን ወዝወዝ አድርጊው። ፓንኬኩ ራሱ ከተንሸራተተ ገልብጪው። ካልተንሸራተተ ገና ነው፤ አትንኪው።

ስለ ፍራፍሬው አንድ ነገር ልበል። ፓፓያና አናናስ ሊጥ ውስጥ አታስገቢ። ውሃቸው ብዙ ነው፤ ቁራጩ ያረፈበት ቦታ ሳይበስል ይቀርና እዚያው ላይ ይሰበራል። እነሱንና ማንጎን ከላይ አድርጊ። ፖም ከሆነ ፈቅፍቀሽ ጨመቅ አድርገሽ ሊጡ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

የሐዋሳ ልጅ

ወጥ ቤቷ ሁሉን ብላዋለች። እኔ ቡላ ልጨምር። አጃ ከሌለሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡላ ጤፉ ውስጥ አድርጊ። በወንፊት ንፊው፤ አለበለዚያ ይጓጉላል። በጣም ያለሰልሰዋል፤ ሲገለበጥም አይለያይም። እኛ ቤት ከአቮካዶ ጋር ነው የምንበላው።

ሰላም ከስቶክሆልም

ሌላ ሰው ይሄን አንብቦ ለታመመ ልጅ እንዳይሠራው ብዬ ነው የጻፍኩት። ልጄ ሴሊያክ አለባት፤ ግሉተን ጨርሶ አይፈቀድላትም። ጤፍ ንጹሕ ከሆነ ለእሷ ይሆናል። ችግሩ ወፍጮው ላይ ነው። ስንዴና ገብስ በተፈጨበት ወፍጮ የተፈጨ ጤፍ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ አይሆንም። አጃም እንዲሁ ነው። እርሻ ላይም ፋብሪካ ውስጥም ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ፣ እኛ የምንገዛው ከግሉተን ነጻ ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ነው። አጃም ቢሆን ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመርም። በሶ ደግሞ ገብስ ስለሆነ ግሉተን አለው፤ "ስንዴ የለውም እኮ" ተብሎ እንዳይሰጥ። ለናሆምና ለእህቱ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ጤነኛ ልጆች በእንጀራው ዱቄት ይብሉ።

የናሆም እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት ሊጡን ክደኜ ቁርስ ዕቃቸውን ሳዘጋጅ ቆየሁ። በእውነት ሌላ ነገር ሆነ! አልተሰበረም። ትንሿ ማንጎውን ከላይ ለቅማ ከበላች በኋላ ፓንኬኩንም ጨረሰችው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛው የጾሙ ነው። ሁለተኛው፣ ሐኪሟ የትንሿ ብረት ዝቅ ብሏል ስላለኝ ነው ጤፍ ላይ የበረታሁት። ጤፉ ብቻውን ይበቃል?

ወጥ ቤቷ

ደስ ብሎኛል የኔ እመቤት። ከብረቱ ልጀምር። ሐኪሟ ያዘዘላት ካለ እሱ ይቀጥል፤ ፓንኬክ የመድኃኒት ምትክ አይሆንም። ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ብረቱን ይዞ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ቫይታሚን ሲ ያለው ፍራፍሬ አብሮ ሲበላ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ይወስዳል። ማንጎና ፓፓያ ከላይ አድርጊ ያልኩሽ ለጣዕም ብቻ አልነበረም፤ ብርቱካንም ይሆናል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ልጆች ቁርስ ላይ ሻይ የሚጠጡበት ቤት ብዙ ነው፤ እባክሽ ያን ጠዋት ሻዩን አስቀሪላት።

ፋይቴቱን የሚቀንስ ሌላም መንገድ አለ፤ እናቶቻችን ለእንጀራ የሚያደርጉት ነው፣ ማቡካት። ማታ 1 ኩባያ የጤፍ ዱቄት በአንድ ኩባያ ውሃ በጥብጠሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ ጨምሪበትና ክደኚው። ጠዋት ትንሽ ኮምጠጥ ብሎ፣ አረፋ ይዞ ታገኚዋለሽ። የጨፈለቅሽውን ሙዝና የአጃ ዱቄቱን አስገቢ። በቤኪንግ ፓውደር ፈንታ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በቂ ነው። ኮምጣጣው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ እዚያው እያየሽው ይነፋል፤ ኩምጣጤውም ለዘብ ይላል። ወዲያው ጋግሪው፣ አይጠብቅም። ከሁሉ የምወደው ይሄኛውን ነው። የሌሊቱ መቡካት ማሳረፉንም ስለሚተካልሽ ጠዋት አትጣደፊም።

ለጾሙ ተልባ አለልሽ። ቆላ አድርገሽ አድቅቂው። ለአንድ እንቁላል ምትክ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ተዪው። ሲያሙለጨልጭ ሊጡ ውስጥ ይገባል። ለሁለት እንቁላል እጥፍ አድርጊው። በወተቱ ቦታ የሱፍ ውሃ አድርጊ፤ ለፍትፍት እንደምናዘጋጀው፣ ጨውና ቃሪያ ሳይነካው። ከተራ ውሃ በጣም ይሻላል፤ ቅባት ስላለው ፓንኬኩ አይደርቅም። ያለ እንቁላል ሲሆን ከመዳፍም አሳንሺው፣ ክዳኑን ደግሞ ትንሽ አቆይበት። መሃሉ እንደ እንቁላሉ አይነፋም፤ ጠፍጠፍ ብሎ ለስላሳ ይሆናል።

ማር ላፍስበት ካልሽ ለሁለቱም ልጆችሽ ይሆናል። ቤት ውስጥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ግን ለእሱ ማር አይሰጥም፤ ፓንኬክ ላይ እንኳ ቢሆን።